ሁለተኛ ቀለም

ከሐይቁ ጎተቱት በስድስት ፈረሶች፣
በወፍራም ሰንሰለት፣ በሰው ትከሻዎች።
በረዶው ነክሶታል አልለቅም ብሎ፣
እሱም እጅ ላይሰጥ የቆመ ነው ምሎ።
ኋላ ተሸነፈ። በባቡር ጫኑና
ቫርካውስ አመጡት፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ገና።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ሄልቪ ይሉኛል።
ከጦርነቱ በፊት የወንበር እግር፣
የሕፃን አልጋ ነበር የምቀባው፤
አሁን ጋራዡ በታንክ ተሞልቷል፣
ሁሉም የሰው ነው፣ ሁሉም ምርኮ ነው።

«ምርኮኛን ምን ታደርገዋለህ?» ይላል ታውኖ፣ አለቃችን፤
«ታበላዋለህ፣ ታለብሰዋለህ፣ ታሠራዋለህ።»
ናፍታ አበላነው።
ነጭ አለበስነው።
ሥራ ግን እንቢ አለ። ቁልፎቹ ሁሉ በጠላት ፊደል ተጽፎባቸው
ታውኖ አንድ በአንድ እየነካ «ይሄስ ምን ይላል?» ሲል
ማን ይመልስለት፣ ከእኛ መሐል?

ከምርኮኞች ሰፈር አንድ ሰው አመጡ፣
ዛካር ነው፣ ከብርዱ ጣቶቹ ያበጡ፤
ትራክተር ፋብሪካ ሠርቷል ነው የሚሉ፣
ሞተር ሲያስል ሰምቶ ይለያል ባመሉ።
ዘበኛው ከኋላ ጠመንጃ ደግኖ፣
እሱ በብረቱ ሆድ ግማሹ ተከድኖ፣
አንዴ ሳቅ ሰማሁኝ። ምን አገኘ ብዬ
ቀና አልኩ ከሥራዬ፣ ብሩሼን ጥዬ።
ከመቀመጫው ሥር የወጣ ማንኪያ ነው፤
እጀታው ላይ ስም አለ፣ ሰው በምስማር የጫረው።
አላነበበልንም። ኪሱ ከተተው።
ዘበኛው አየና ፊቱን አዞረው።

ምርኮኛ ምርኮኛን ሲፈውስ ማየት
የሚያስቅ ነው ወይስ የሚያስለቅስ?
እኔ እንጃ። ብቻ ተነሣ
በሦስተኛው ቀን፣ በጥቁር ጢስ።

ቀዩን ኮከብ የሸፈንኩት እኔ ነኝ።
አንድ እጅ ነጭ ቀባሁ፤ ከሥሩ ወዛ፣
ደም በፋሻ እንደሚያልፍ፣ አይጠፋም በዋዛ።
ደገምኩት። ያን ጊዜ ጠፋ።
በላዩ ሰማያዊውን ምልክታችንን አሳረፍኩ፣
ካርቶን ቀድጄ፣ መዳፍ በሚያህል፣ ጠርዙን አጥርቼ።
«ቀለም ቆጥቢ፣ በራሽን ነው» ብሎኝ ነበር ታውኖ።
ቆጠብኩ።
ጎበዝ ቆጣቢ ነኝ እኔ።

ነጂው ወንድሜ ነበር፣ ኦርቮ።
ወደ ምሥራቅ ነዳው፣ ታንኩ ወደ ተወለደበት፤
ከጋራዡ ሲወጣ ቆቡን አውልቆ አውለበለበ፣
ሌላ ምንም አላለም፣ ሞተሩ ይጮኻል።

ጠዋት ነው፤ ጉም አለ፤ የኛው መድፈኞች
ጥድ ሥር ያደፈጡ፣ እንቅልፍ ያጡ ልጆች፣
ያዩት ቅርጹን ነው፣ የአፈሙዙን ርዝመት፣
በስንቱ ቅዠት ውስጥ የመጣባቸውን ፍጥረት።
መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ምልክት
ከአራት መቶ ሜትር፣ በጉም፣ ማን ይለያት?

ሁለት ተኮሱ። አንዱም አልሳተም።

ለእናቴ የመጣው ወረቀት «ለሀገሩ ወደቀ» ይላል፤
በማን እጅ፣ አይልም።
ለጋራዡ የመጣው አጭር ነው፦
«የምርኮ ታንኮች ምልክት ይተለቅ። በአራቱም ጎን። በጣሪያም።»
ታውኖ አነበበና መነጽሩን አወለቀ፣
ጠረገው፣ መልሶ አጠለቀ፣
ሙሉ ጣሳ ሰማያዊ አቀበለኝ።
ቆጥቢ አላለኝም።

ታንኩም ተመለሰ፤ ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣
ዳር ዳሩ የኔ ነጭ፣ የተቃጠለ።
ዛካር ብቻውን ገባ። ውሃ ጠየቀ፣ ጨርቅ ጠየቀ፤
ዘበኛው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ
ፋኖሱን ያዘለት።
ብዙ ቆዩ። እኔ ወደ ውስጥ አላየሁም።

ከዚያ ብሩሼን አነሣሁ። በር የሚያህል ምልክት
በጠመኔ ነደፍኩ፤ ግን ቀለሙ በብርዱ ረግቷል፣
ብሩሽ አያስገባም።
ዛካር እጁን ታጥቦ መጣ። ጣሳውን ወስዶ
ከምድጃው ጥግ አኖረው፤ ቁጢጥ አለ፤
ከኪሱ ያቺን ማንኪያ አወጣ፣
ስሙን በጣቶቹ ከልሎ፣
ሰማያዊው እስኪፈታ ድረስ
ቀስ እያለ አማሰለው።